በብርጭቆው ውስጥ ያለው ጋዝ ከየት መጣ? የተፈጥሮ ጋዝ ቁፋሮና የመጠጥ ውኃ

በአሜሪካ፣ በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቫንያ፣ ዲሞክ የምትባል አነስተኛ የገጠር ቀበሌ አለች። የነዋሪዎቿ የመጠጥ ውኃ የሚቀዳው በየቤቱ ደጃፍ ከተቆፈሩ የግል ጉድጓዶች ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ከነዚህ ጉድጓዶች የአንዱ የኮንክሪት ክዳን በፍንዳታ ተሰባብሮ ተበተነ። የፍንዳታው ምክንያት በጉድጓዱ አፍ ላይ የተጠራቀመ ሚቴን ነበር። ሚቴን ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ዋነኛ ክፍል ነው። በቀበሌዋ የጋዝ ቁፋሮ በስፋት ከተጀመረ ገና ብዙ ጊዜ አልሆነም ነበር።

ወዲያው ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንዱ ወገን «ጋዙን ወደ ውኃችን ያመጣው ቁፋሮው ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «በዚህ አካባቢ ውኃ ውስጥ ሚቴን ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው» ሲል መለሰ። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው ሁለቱም አባባሎች በየራሳቸው እውነትነት ያላቸው መሆኑ ነው። ሚቴን ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕምም የለውም። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የተገኘ ሚቴን መቼና በየትኛው መንገድ እንደመጣ በዓይን አይቶ የሚናገር ሰው የለም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከፊዚክስ አንጻር ለማስረዳት ይሞክራል። ለአብዛኛው ክፍል የአሥረኛ ክፍል ትምህርት በቂ ነው። ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጋዙ የት ይገኛል?

ከ390 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የዛሬዋ ፔንሲልቫንያ በባሕር የተሸፈነች ነበረች። በባሕሩ ወለል ላይ ደቃቅ ጭቃና የሞቱ ጥቃቅን ሕያዋን ቅሪት በአንድነት ተቀበሩ። በላያቸው በተከመረው ደለል ክብደትና በምድር ውስጣዊ ሙቀት የተነሣ ጭቃው ሼል ወደሚባል ጥቁር አለት ሲለወጥ፣ ቅሪቱ ወደ ጋዝ ተለወጠ። ይህ አለት ማርሴለስ ሼል ይባላል። በዲሞክ አካባቢ የሚገኘው ከ1,500 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶቹ ግን ባብዛኛው ከ100 ሜትር እምብዛም አይዘልቁም።

ጋዝ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሲገኝ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ባሉ ቀዳዳዎች እየተላለፈ ወደ ጉድጓዱ በራሱ ይፈሳል። በሼል ውስጥ ግን ቀዳዳዎቹ እጅግ ደቃቅና እርስ በርስ ያልተያያዙ ስለሆኑ፣ ጋዝ የማሳለፍ ችሎታው ከጥሩ የአሸዋ ድንጋይ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ሁለት ዘዴዎችን ያጣምራሉ። ጉድጓዱን ቁልቁል ከቆፈሩ በኋላ ሼሉ ውስጥ ሲደርሱ ወደ ጎን ያጥፉታል፤ ከዚያም አለቱን በውኃ ግፊት ይሰነጥቁታል። ሁለተኛው ዘዴ ፍራኪንግ በሚል ስም በዓለም የታወቀው ነው። አዲስ ግን አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው በ1947 በካንሳስ ነው። አዲሱ ነገር ከአግድም ቁፋሮ ጋር በዚህ ስፋት መጣመሩ ነው። በማርሴለስ አንድ ጉድጓድ ለመሰንጠቅ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውኃ ይጠይቃል። ከዚህ ፈሳሽ ውስጥ ኬሚካሎች የሚይዙት ድርሻ ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አንባቢ ግን በመቶኛው እንዳይታለል፤ የ15 ሚሊዮን ሊትር 1 በመቶ 150,000 ሊትር ነው።

ስንጥቁ እስከ መጠጥ ውኃው ይደርሳልን?

የብዙ ሰዎች የመጀመሪያ ስጋት ይህ ነው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። በ2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ሁኔታ እናስላ። የፈሳሽ ግፊት ዴንሲቲ ሲባዛ በመሬት ስበት ፍጥነት ለውጥና በጥልቀት ነው። ለውኃ 1,000 × 9.8 × 2,000 ሲሰላ ወደ 20 ሚሊዮን ፓስካል፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት 200 እጥፍ ያህል ይሆናል። አለት ከውኃ 2.5 ጊዜ ያህል የከበደ በመሆኑ ከላይ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ወደ 50 ሚሊዮን ፓስካል ይደርሳል። በዚህ ጥልቀት ላይ አለቱ ከጎን የሚደርስበት ጫና ብዙውን ጊዜ ከላይ ከሚጫነው ያነሰ ነው። ስንጥቅ ደግሞ የሚከፈተው አነስተኛ ተቃውሞ ወዳለበት አቅጣጫ ነው። በመሆኑም ስንጥቁ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈትና እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ወደ ላይ ሊያድግ ይችላል።

ምን ያህል? አለት በተሰነጠቀ ቁጥር እጅግ ጥቃቅን የመሬት መንቀጥቀጦች ይፈጠራሉ። እነዚህን ስስ በሆኑ መሣሪያዎች በማዳመጥ የስንጥቁን ከፍታ መለካት ይቻላል። በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ልኬቶችን አሰባስቦ በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወደ ላይ ካደጉት ስንጥቆች ሁሉ ረጅሙ 588 ሜትር ያህል ነበር፤ ከ350 ሜትር የሚያልፉት ደግሞ ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ፈሳሹ ሲጓዝ ወደ ጎን ወዳለው አለት እየሰረገ ይቀንሳል፤ የአለቱ ንብርብር በተለወጠ ቁጥርም ስንጥቁ ይገታል። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል። በዲሞክ በሼሉና በመጠጥ ውኃው መካከል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አለት አለ። ስለዚህ ስንጥቁ በቀጥታ ከታች ተነሥቶ የመጠጥ ውኃውን መብሳቱ በዚያ ስፍራ እጅግ የማይመስል ነው።

ይህ መደምደሚያ ግን በየስፍራው የሚሠራ አይደለም። በዋዮሚንግ ግዛት ፓቪሊየን በምትባል መንደር አቅራቢያ የተሰነጠቁት አንዳንድ ንብርብሮች ከመሬት ገጽ ከ400 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ላይ ነበሩ፤ የአካባቢው የውኃ ጉድጓዶች ጥልቀት ደግሞ ከ200 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በሁለቱ መካከል የረባ ርቀት የለም። «ፍራኪንግ አደገኛ ነው» ወይም «አደገኛ አይደለም» የሚል ሰው በቅድሚያ ጥልቀቱን በሜትር ሊነግረን ይገባል።

የሲሚንቶው ቀለበት

ስንጥቁ ካልሆነ ጋዙ በየት ወጣ? መልሱን ለማግኘት ዓይናችንን ከጥልቁ አንስተን ወደ ጉድጓዱ ራሱ መመለስ ያስፈልገናል። የጋዝ ጉድጓድ ሲቆፈር ለሚሊዮን ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ንብርብሮች ሁሉ በአንድ ቀዳዳ ይገናኛሉ። የላይኛው የመጠጥ ውኃ፣ የመካከሉ ጨዋማ ውኃና ትናንሽ የጋዝ ኪሶች፣ የታችኛው ሼል፣ ሁሉም ማለት ነው። እነዚህን እንደገና ለመለያየት በቀዳዳው ውስጥ ኬሲንግ የሚባል የብረት ቱቦ ይወርዳል፤ በቱቦውና በአለቱ መካከል የሚቀረው የቀለበት ቅርጽ ያለው ክፍተት ደግሞ በሲሚንቶ ይሞላል። በውኃው ንብርብር አካባቢ ቱቦዎቹ ድርብ ይሆናሉ። የሲሚንቶው ውፍረት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። በቁም ነገር ካየነው የመጠጥ ውኃው ጠባቂ ይህ ቀለበት ነው።

ሲሚንቶውን በቦታው ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ልቁጡ በቱቦው ውስጥ ቁልቁል ከተገፋ በኋላ ከታች ዞሮ በቀለበቱ በኩል ወደ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል። ቱቦው ከቀዳዳው መሐል ካልሆነና ወደ አንድ ጎን ከተጠጋ፣ በጠበበው በኩል የቁፋሮ ጭቃ ሳይወገድ ይቀራል፤ ጭቃ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ አይጠነክርም። ሌላም ችግር አለ፤ ለፊዚክስ ተማሪ ይህ የበለጠ ማራኪ ነው። ሲሚንቶው ፈሳሽ ሳለ የራሱ ክብደት በጎን ያለውን ጋዝ ገፍቶ ይይዘዋል። መርጋት ሲጀምር ግን በቱቦውና በአለቱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ክብደቱንም ግድግዳዎቹ መሸከም ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው የፈሳሽ ግፊት ይወርዳል። ጋዙ ከሲሚንቶው ግፊት የሚበልጥበት፣ ሲሚንቶውም ገና ያልጠነከረበት አጭር ጊዜ ይፈጠራል። ጋዝ ወደ ውስጥ ገብቶ መተላለፊያ የሚቀድደው በዚህ ጊዜ ነው።

ሲሚንቶው በደህና ቢጠነክርም በኋላ ሊላቀቅ ይችላል። ለመሰንጠቅ የሚሰጠው ግፊት የብረት ቱቦውን በጥቂቱ ያሰፋዋል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ቱቦው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮ ላይመለስ ይችላል። በመካከል ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ይቀራል። አንባቢ «ይህን ያህል የቀጠነ ክፍተት ምን ያህል ጋዝ ሊያሳልፍ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በሁለት ትይዩ ገጾች መካከል የሚያልፍ ፍሰት የሚወሰነው በክፍተቱ ስፋት ሦስተኛ እርከን ነው። ክፍተቱ ከ0.01 ሚሊ ሜትር ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ስፋቱ 10 ጊዜ ይጨምራል፤ ፍሰቱ ግን 10 × 10 × 10፣ ማለትም 1,000 ጊዜ ይጨምራል። በሲሚንቶ ሥራ ላይ «ትንሽ ጉድለት» የሚባል ነገር የሌለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በኦሃዮ ግዛት ቤይንብሪጅ በተባለ ስፍራ ዲሴምበር 15 ቀን 2007 አንድ መኖሪያ ቤት በጋዝ ፍንዳታ ፈረሰ። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ በአቅራቢያው የተቆፈረው የጋዝ ጉድጓድ የሲሚንቶ ሥራ በቂ እንዳልነበር፣ ጉድለቱ ሳይታረም ጉድጓዱ መሰንጠቁንና ከዚያም ቀለበቱ ለ31 ቀናት ተዘግቶ መቆየቱን አረጋግጧል። መዘጋቱ ለምን ጎዳ? የላይኛው መከላከያ ቱቦ የሚያበቃው 100 ሜትር ላይ ነው እንበል። በዚያ ጥልቀት የከርሰ ምድር ውኃው ግፊት 1 ሚሊዮን ፓስካል ገደማ ነው። ከታች የሚሾልከው ጋዝ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ከዚህ ሲያልፍ፣ ውኃውን ገፍቶ ወደ ውኃ አዘሉ አለት ከመግባት ሌላ መንገድ የለውም። ቀለበቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጋዙ ወደ አየር ይወጣ ነበር። ልብ እንበል፤ የቤይንብሪጅ ጉድጓድ የተቆፈረው ሼል ውስጥ ሳይሆን በቆየው ልማድ መሠረት በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነበር።

ሚቴንና የአምቦ ውኃ

የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ስንከፍት አረፋ የሚወጣው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ በዲሞክ የሆነውንም ሊረዳ ይችላል። ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው መጠን በላዩ ባለው ግፊት ልክ ነው። በመሬት ገጽ ላይ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ሚቴን 28 ሚሊግራም ያህል ነው። ከውኃው ወለል 100 ሜትር ዝቅ ብሎ ግን ግፊቱ 11 እጥፍ ስለሆነ እስከ 300 ሚሊግራም ሊሟሟ ይችላል። ፓምፑ ይህን ውኃ ወደ ላይ ሲያወጣው ጠርሙሱ ተከፈተ ማለት ነው፤ ትርፉ ጋዝ በአረፋ መልክ ይወጣል።

28 ሚሊግራም ትንሽ ይመስላል። ግን እናስላው። የሚቴን አንድ ሞል 16 ግራም ነው፤ በክፍል ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ ወደ 24 ሊትር ይዘት አለው። ስለዚህ 28 ሚሊግራም ሚቴን 42 ሚሊ ሊትር ጋዝ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ውኃ ጋዙን በሙሉ ቢለቅ 8.4 ሊትር ይሆናል። ይህ 100 ሊትር አየር ባለበት ዝግ ስፍራ ቢጠራቀም ከድብልቁ ወደ 8 በመቶ ይይዛል። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ይበቃዋል።

ሚቴን ያለበትን ውኃ መጠጣት በራሱ እንደሚመርዝ አልተረጋገጠም፤ በአሜሪካም የመጠጥ ውኃ ደረጃ አልወጣለትም። አደጋው ፍንዳታና በዝግ ስፍራ ውስጥ መታፈን ነው። ከዚህ ሌላ ሚቴን በባክቴሪያዎች ሲበላ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይጠፋና በአለቱ ላይ ተጣብቀው የነበሩ ብረት፣ ማንጋኒዝና አንዳንድ ጊዜም አርሴኒክ ወደ ውኃው ሊለቀቁ ይችላሉ።

የጋዝ አሻራ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ሚቴን የሚፈጠርባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በረግረግና በላይኛው አፈር ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ነው። ሁለተኛው በጥልቅ ምድር ሙቀት ነው። የሁለቱ ሚቴን በኬሚካዊ ባሕርዩ ፍጹም አንድ ቢሆንም በክብደቱ ይለያያል። ከካርቦን አቶሞች አብዛኞቹ ካርቦን 12 ሲሆኑ ከመቶ አንድ ያህሉ አንድ ተጨማሪ ኒውትሮን ያላቸው ካርቦን 13 ናቸው። ጥቃቅኑ ሕያዋን ቀላሉን ካርቦን ይመርጣሉ፤ ትስስሩን ለመስበር አነስተኛ ጉልበት ይጠይቃቸዋልና። ስለዚህ እነርሱ የሠሩት ሚቴን በካርቦን 13 የደኸየ ነው። ልዩነቱ የሚለካው ከአንድ መለኪያ ናሙና ጋር በማነጻጸር በሺህ ስንት እንደጎደለ ነው። ጉድለቱ ከሺህ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጋዙ የሕያዋን ሥራ ነው፤ ከ50 ያነሰ ከሆነ የጥልቅ ምድር ነው። በተጨማሪ ኢቴን የተባለው ጋዝ በጥልቅ ምድር ሙቀት እንጂ በሕያዋኑ በሚታይ መጠን አይሠራም።

በ2011 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፔንሲልቫንያና በኒውዮርክ የውኃ ጉድጓዶች ላይ ባደረጉት ጥናት ቁፋሮ ባለባቸው ስፍራዎች አማካይ የሚቴን መጠን በሊትር 19.2 ሚሊግራም፣ በሌለባቸው ደግሞ 1.1 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። የካርቦን 13 ጉድለቱ በመጀመሪያዎቹ ከሺህ 37፣ በሁለተኞቹ ከሺህ 54 ያህል ነበር። የመሰንጠቂያ ፈሳሽ ግን በውኃው ውስጥ አላገኙም። በ2013 ናሙናውን ወደ 141 ጉድጓዶች አሳድገው ሲደግሙት፣ ከጋዝ ጉድጓድ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባሉ ቤቶች ሚቴኑ በአማካይ 6 ጊዜ፣ ኢቴኑ 23 ጊዜ በልጦ ተገኘ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ማብቃትም አልነበረበትም። በዚያው ዓመት ከቁፋሮ ኩባንያው ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች ዲሞክ ከምትገኝበት ወረዳ የተወሰዱ 1,701 የውኃ ናሙናዎችን መርምረው፣ ሚቴን በ78 በመቶው እንደሚገኝና የሚበዛውም በሸለቆዎች እንደሆነ አሳተሙ። ጋዙም ከማርሴለስ ሼል ይልቅ ከእርሱ በላይ ባሉት ንብርብሮች ያለውን እንደሚመስል ገለጹ። አንዳንዶች ይህን ኩባንያውን ነፃ የሚያወጣ ማስረጃ አድርገው ተረጎሙት። በእኔ አስተያየት ትርጓሜው የተቻኮለ ነው። ጋዙ ከመካከለኛው ንብርብር የመጣ መሆኑ በሲሚንቶው ቀለበት አልወጣም ማለት አይደለም፤ ቀለበቱ በዚያም ንብርብር ውስጥ ያልፋልና። አይሶቶፕ የጋዙን የትውልድ ስፍራ ይነግረናል፤ የተጓዘበትን መንገድ ግን አይነግረንም።

መንገዱን የሚነግሩን እንደ ሂሊየም፣ ኒዮንና አርጎን ያሉት ከምንም ነገር ጋር የማይዋሃዱ ጋዞች ናቸው። ባክቴሪያ አይበላቸውም፤ አለት አይለውጣቸውም። ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአየር የወሰደውን ኒዮንና አርጎን ይዞ ይገባል፤ መጠናቸውም ከውኃው ሙቀት ሊሰላ የሚችል ነው። ሂሊየም ግን በአለት ውስጥ ካለው የዩራኒየምና የቶሪየም መበተን ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። አሁን ሁለት ሁኔታዎችን እናስብ። ሚቴኑ በሚሊዮን ዓመታት ከጥልቅ ጨዋማ ውኃ ጋር በዝግታ የመጣ ከሆነ፣ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ሚቴንም ሂሊየምም አብረው ይበዛሉ። ሚቴኑ በቅርቡ በአረፋ መልክ በብዛት ያለፈ ከሆነ ግን፣ አረፋው በመንገዱ ያገኘውን ኒዮንና አርጎን ከውኃው ጠርጎ ይወስዳል፤ ጨውም አብሮት አይመጣም።

በ2014 የታተመው ጥናት ይህንኑ ለካ። ከማርሴለስ አካባቢ 113፣ ከቴክሳስ 20 የውኃ ጉድጓዶች ተመረመሩ። አብዛኞቹ የተፈጥሮውን ሁኔታ አሳዩ። በስምንት ስፍራዎች፣ በሰባት የማርሴለስና በአንድ የቴክሳስ፣ የሁለተኛው ሁኔታ አሻራ ተገኘ። ከነዚህ አራቱ የቀለበቱ ሲሚንቶ ጉድለት፣ ሦስቱ የብረት ቱቦ መበላሸት፣ አንዱ ደግሞ በምድር ውስጥ የደረሰ የጉድጓድ መሰበር መሆናቸው ተመለከተ። ጋዝ በስንጥቅ በኩል ከጥልቅ በቀጥታ ስለመውጣቱ ግን ማስረጃ አልተገኘም።

የሚመለሰው ውኃ

ሌላው የብክለት መንገድ በመሬት ገጽ ላይ ነው። ወደ ጉድጓዱ የገባው ውኃ በከፊል ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን የአለቱን ጨው ይዞ ነው። ከማርሴለስ የሚወጣው ውኃ ጨዋማነት ከባሕር ውኃ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ በውስጡም ባሪየም፣ ብሮማይድና ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት የሆነ ራዲየም 226 ይገኛል። በምዕራብ ፔንሲልቫንያ ይህን ውኃ አጣርቶ ወደ ወንዝ ይለቅ ከነበረ ተቋም በታች በወንዙ ደለል ውስጥ የተለካው ራዲየም ከተቋሙ በላይ ካለው 200 ጊዜ ያህል በልጦ መገኘቱ በ2013 ታትሟል። ብሮማይዱ ደግሞ በከተማ ውኃ ማጣሪያ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ለጤና ጎጂ የሆኑ ውሁዶችን ይፈጥራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከሼል የወጣ ቆሻሻ ውኃ ወደ ሕዝብ የፍሳሽ ማጣሪያዎች እንዳይላክ የከለከለው በ2016 ነው። ያው ድርጅት በዚሁ ዓመት ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ የፍራኪንግ ሥራ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውኃን ሊጎዳ እንደሚችል አስታውቋል።

ማን ያስረዳ?

የዲሞክ ነዋሪዎች ከቁፋሮው በፊት ውኃቸው ምን ያህል ሚቴን እንደነበረው የሚያሳይ የተሟላ ልኬት አልነበራቸውም። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ የተጓተተበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በ2010 ኩባንያው ከግዛቱ ጋር ተስማምቶ ለ19 ቤተሰቦች የሚከፋፈል 4.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2012 የፌዴራሉ ድርጅት ውኃውን መርምሮ ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልግም አለ። በ2016 የዳኞች ሸንጎ ለሁለት ቤተሰቦች 4.24 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርድ በማግስቱ ዓመት ዳኛው ፍርዱን ሻሩት። በ2020 የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ክስ መሠረተ፤ በኅዳር 2022 ኮቴራ በሚል አዲስ ስም ይጠራ የነበረው ኩባንያ ክሱን እንደማይከራከር ገልጾ፣ ለነዋሪዎቹ አዲስ የውኃ መስመር መዘርጊያ 16.29 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተስማማ። ፍንዳታው ከደረሰ 13 ዓመት ከ10 ወር ሆኖት ነበር።

ፔንሲልቫንያ በ2012 ያወጣችው ሕግ በዚህ ረገድ ሊታይ የሚገባው ነው። ከሼል ጋዝ ጉድጓድ በ2,500 ጫማ፣ ማለትም በ760 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያለ የውኃ ምንጭ፣ ቁፋሮው ወይም ስንጠቃው በተጠናቀቀ በ12 ወራት ውስጥ ቢበከል የበከለው ኩባንያው እንደሆነ ይገመታል። ኩባንያው ከዚህ ግምት ማምለጥ የሚችልበት አንዱ መንገድ ብክለቱ ከቁፋሮው በፊት እንደነበረ ማሳየት ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ከዚያ ወዲህ ቀድሞ መለካት የኩባንያዎቹ የራሳቸው ጥቅም ሆነ።

ካሉብ

በኦጋዴን፣ በሶማሌ ክልል ሽላቦ አቅራቢያ የሚገኘው የካሉብ ጋዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የተገኘ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፍረውበታል። የማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጋዙ ያለው የአዲግራትና የካሉብ በሚባሉ የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ስለሆነ ስለ ሼል ስንጠቃ የሚደረገው ክርክር በቀጥታ አይመለከተንም። የሲሚንቶው ቀለበትና የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ግን ይመለከቱናል። ከቀደሙት ጉድጓዶች የአንዳንዶቹ ሲሚንቶ ዕድሜም ከአርባ ዓመት አልፏል።

በ2020 ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በጋዝ ፍለጋው አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ እንዳጠቃቸውና ይህንንም ከቁፋሮው ቆሻሻ ጋር እንደሚያያይዙት ዘገበ፤ የመንግሥት ኃላፊዎች አስተባበሉ። ማን እውነት እንደተናገረ በሩቅ ሆኖ መፍረድ የፊዚክስ መምህር ሥራ አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ ከዲሞክ ክርክር ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ በአንድ ወገን ቃል፣ በሌላው ወገን ቃል፣ በመካከል ቁጥር የለም። በኦጋዴን ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። የቆራሄ ንብርብር የሚባለው አለት ጂፕሰም ስላለበት በብዙ ስፍራ የጉድጓዱ ውኃ በተፈጥሮው ሳልፌት የበዛበትና ጣዕሙ የከበደ ነው። «ውኃው ጨዋማ ሆነ» የሚል አቤቱታ ቢቀርብ «ድሮም ነበር» የሚል መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። አርብቶ አደሩ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅምበት በርካ ደግሞ በቀጥታ ከመሬት ገጽ የሚሞላ ስለሆነ ከቁፋሮ ስፍራ የፈሰሰ ነገር ቢኖር መጀመሪያ የሚደርሰው ወደዚያ ነው።

ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሥራ ከአንድ የሦስተኛ ዲግሪ ፕሮጀክት አይበልጥም። የእያንዳንዱ ጉድጓድና በርካ ስፍራ በጂፒኤስ ይመዘገባል። ሳልፌት፣ ክሎራይድና ብሮማይድ ይለካሉ፤ ከጂፕሰም የመጣ ውኃ ሳልፌት ያበዛል፣ ከጥልቅ የመጣ ጨዋማ ውኃ ግን ክሎራይድና ብሮማይድ ያበዛልና። ባሪየምና ራዲየምም ይጨመራሉ። ለሚቴንና ለኢቴን የሚወሰደው ናሙና ግን ጥንቃቄ ይሻል። ውኃውን እንደተለመደው ከቧንቧ አፍ በጠርሙስ የሚቀዳ ሰው ጋዙን አየር ላይ በትኖ የሚመለሰው በባዶ ጠርሙስ ነው። ፓምፑ በጉድጓዱ ቱቦ ውስጥ የቆየው ውኃ እስኪወጣ ድረስ ይሠራል። ከዚያም ጠርሙሱ በውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይጠልቃል፤ ከፓምፑ የመጣው ጎማ እስከ ጠርሙሱ ታች ይገባና ውኃው ጥቂት ጊዜ ሞልቶ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ክዳኑም እዚያው በባልዲው ውኃ ውስጥ ይገጠማል። ጠርሙሱ ሲገለበጥ አንዲት አረፋ እንኳ ከታየችበት ውኃው ይደፋና እንደገና ይቀዳል።